ለሱሉልታ ወዳጆቻችን እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ዛሬ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስልኬ ከሌሊት ጀምሮ በመልካም ምኞት ተጥለቅልቋል፤ ለእያንዳንዳችሁ መልስ መስጠት ስላልቻልሁ ይህን እንደ መልስ ቁጠሩልኝ። አብዛኛው ግን የተጻፈው ፌስቡክ ለማያዩ ሰዎች ስለሆነ፣ ለሚያውቋቸው አንብቡላቸው።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም እኩሌታ የወንጌል አማኞች የሆንን የአጥቢያችን ወጣቶችና መዘምራን ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን፣ እንጦጦን ተሻግረን በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ወርደን ነበር። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በሣር ክምሮች መካከል ያለች አንዲት አጥቢያ አዳራሿን ታስመርግ ስለነበር፣ ቀን ምርጊቱን ልናግዝ፣ ማታ አብረን ልናመልክ ነበር አካሄዳችን። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሰንብቶ ጠበቀን። ከመካከላችን አንዱ መሐንዲስ ስለ ምርጊቱ ውፍረት ማብራሪያ ሲጀምር የሰፈሩ እናቶች ሳቃቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ጭቃውን በመዳፍ እየመቱ እንዴት እንደሚለጥፉት አሳዩት፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ የታዘዘውን ሲያቀብል ዋለ።

ሞንታርቦና ጄኔሬተርም ጭነን ነበር። የአጥቢያዋ ሽማግሌ ግን፣ «ጎረቤቶቻችን ሲጾሙና ሲሰግዱ ውለው ደክሟቸው ይተኛሉ፤ እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ፣ እኛ ግን አብረናቸው እንኖራለን» ብለው ከመኪናው እንዳይወርድ ለመኑን፤ በከበሮና በጭብጨባ ዘመርን። እነርሱ እንደ ጎረቤቶቻቸው ባይጾሙም የጥብስ ሽታ ወደ ጿሚ ቤት እንዳይዘልቅ ብለው በግ አላረዱልንም፤ የቀረበልን ሽሮና ጎመን ነበር፣ ትልልቁን ድስትና ምጣድ ያዋሱትም እነዚያው ጿሚ ጎረቤቶች ናቸው። ስብከቱ በኦሮምኛ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደክመው የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ለኅትመት ያበቁት የከተማ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቋንቋው እንዲለወጥለት አይደለምና፣ ለእኛ ሲባል ወደ አማርኛ አለመዞሩ ደስ አሰኝቶኛል። በመካከላችን ተቀምጣ በሹክሹክታ ስታስተረጉምልን ያመሸችው ተማሪ ትባረክ።

ሴቶቻችንን በቤታቸው ያሳደሩት እማማ ናቸው። ማታ ቡና ሲያፈሉ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስላሳለፉት የደርግ ዘመን አጫወቱን። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት፤ በየቤቱ ተደብቃ ኖራ ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆና መውጣቷን ከመጽሐፍ አውቅ ነበር። እንዴት እንደሆነ የነገሩኝ ግን እማማ ናቸው። ጥቂት ሆነው በቡና ስም ይሰበሰባሉ፤ ሌሎቹ ሲጸልዩ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይሰማ እርሳቸው በረንዳ ላይ ሙቀጫ ይዘው ቡና ይወቅጣሉ። «ጸሎቱ ሲረዝም የወቀጥሁትን መልሼ እወቅጠዋለሁ፤ ልጆቼ፣ በዚያ ዘመን የእኔን ቡና የሚያህል የላመ ቡና አገር ውስጥ አልነበረም!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እማማ ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ዐረፉ። ለቀብር ስንደርስ ድንኳኑን የተከለው ዕድሩ ነበር፤ አብዛኛው አባል ኦርቶዶክሳዊ ነው። የዕድሩ ዳኛ ራሳቸው አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ሲያስገቡ አየሁ፤ ድስቱን ያዋሱን እናቶች ንፍሮ ቀቅለው መጥተዋል። ለወንጌል አማኞች የተፈቀደው የመቃብር ቦታ ሩቅ ስለነበር አስከሬኑን ይዘን ረጅም መንገድ ተጓዝን፤ ጎረቤቶቹም በሁለት መኪና ተጨናንቀው እስከ መጨረሻው ሸኟቸው። «ክርስቶስ ተነሥቷል» የሚለውን መዝሙር ዛሬ ጠዋት በአዳራሻችን በሙሉ ድምፅ ዘምሬዋለሁ፤ በዚያ መቃብር አፋፍ ላይ ግን ግማሹ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ 55 ቀን ጾማችሁ ዛሬ ለፈታችሁ፣ ድስታችሁንና ትከሻችሁን ላዋሳችሁን የሱሉልታ እናቶችና አባቶች ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ። ለዕድሩ ዳኛ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለቀብሩ ጉዞ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ የተቆጣን የኮስተሩ ሾፌር፣ በዓሉ የደስታ ይሁንልህ። እናታቸውን ቀብረው የመጀመሪያውን ፋሲካ ያለ እርሳቸው ለሚውሉ የእማማ ልጆች የትንሣኤው ጌታ መጽናናትን ይስጣቸው። የመቃብር ቦታ ጥያቄ ጠረጴዛችሁ ላይ ላለ ሹማምንትም መልካም በዓል፤ ዶሮው ሲያልቅ ፋይሉን ግለጡት። እኛም በዓመታዊ ሪፖርታችን «አንድ አጥቢያ ረዳን» ብለን በጻፍነው ዓረፍተ ነገር አጠገብ ማን ማንን እንዳበላና እንዳሳደረ ብንጨምርበት ደግ ነበር።

በዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 11፣ የእማማን ልጆች ለመጠየቅ እንሄዳለን። መነሻችን አዲሱ ገበያ ነው፤ አብሮን መምጣት የሚፈልግ ቶሎ ይንገረኝ። ሱሉልታ ማታ ማታ ይበርዳልና ጋቢ ያዙ፤ ሞንታርቦው አዳራሽ ይቀራል።