ጡጫዬ ስንት ሰዓት ላይ ተጨበጠ

ዛሬ የነቃሁት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጡጫዬ ጥብቅ ብሎ የተጨበጠው 1 ሰዓት ሲል። 30 ደቂቃ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

የዚሁ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በተንጋደደ ጽሑፍ «እጄ እስኪፈታ 2 ሰዓት ከሩብ ፈጀ» ይላል። ያኔ ጠዋት ጠዋት እጆቼ በጀሶ የታሸጉ ይመስሉ ነበር። ጀበና ማንሳት አልችልም። የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ የ8 ዓመት ልጄ ነበረች። አስተማሪ ነኝ፣ አራተኛ ክፍል። አንድ መስመር ጽፌ ሳልጨርስ ጠመኔው ከጣቶቼ መሃል ሹልክ ይላል። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። በኋላ ዝም ብለው እያነሱ ያቀብሉኝ ጀመር።

በሽታዬ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። እኛ ሰፈር ግን ሁሉም ነገር «ሪህ ነው» ወይም «ቁርጥማት ነው» ተብሎ ያልፋል። እኔም ሁለት ዓመት አሳልፌዋለሁ። በቅባት ታሸሁ፣ ዝንጅብል ጠጣሁ፣ «ብርድ ነው» ሲሉኝ ካልሲ ደራረብኩ። እነዚያ ሁለት ዓመታት እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። የተበላ አጥንት ተመልሶ አይበቅልማ።

ደብተሩን ያስጀመረችኝ ዶክተሬ ናት። ገና ስገባ «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? እናቴ ወገቧ ተሰብሮ እንኳ እንደዚያ ነው የምትለው። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ምስጋናው ደግ ነው። ግን ጠዋት እጅሽ እስኪፈታ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አስቤውም አላውቅም። መድኃኒቱ እየሠራ ይሁን አይሁን በ«ደህና ነኝ» እንደማይታወቅ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን በየቀኑ አራት ነገር እጽፋለሁ። የነቃሁበትና ጡጫዬ የተጨበጠበት ሰዓት፣ ያበጠው መገጣጠሚያ፣ የዋጥኩት መድኃኒት ከነብዛቱ፣ አዲስ የተሰማኝ ነገር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሐኪም ቤት ደግሞ ቆጠራ አለ። ዶክተሯ 28 መገጣጠሚያ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ትቆጥራለች። ሁለቱ ትከሻ፣ ሁለቱ ክርን፣ ሁለቱ የእጅ አንጓ፣ የጣቶች መገጣጠሚያ 20፣ ሁለቱ ጉልበት። ስንቱ ያማል፣ ስንቱ አብጧል ትላለች። በዚያ ላይ የደም ምርመራና እኔ ስለ ሕመሜ ከ0 እስከ 100 የምሰጠው ነጥብ ይጨመራል። ሁሉም ተሰልቶ ዳስ 28 የሚባል ቁጥር ይወጣል። ከ5.1 በላይ ከሆነ በሽታው ተቆጥቷል ማለት ነው። ከ2.6 በታች ከሆነ ተኝቷል። እኔ ስጀምር 6.2 ነበርኩ። የደም ምርመራ የማያስፈልገው ሌላ አቆጣጠርም አለ። ገንዘብ ባጠረኝ ወር ዶክተሯ በዚያ ትለካኛለች።

ያዘዘችልኝ ሜቶትሬክሴት ነው። ለዚህ በሽታ በዓለም ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነው። ሥራውን ግን ቶሎ አያሳይም፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። እኔም አምስተኛው ሳምንት ላይ ልተወው ነበር። ደብተሬን ሳገላብጥ ግን የመጀመሪያው ሳምንት አማካይ 130 ደቂቃ፣ የአምስተኛው 105 ሆኖ አገኘሁት። ሰውነቴ ያልነገረኝን ደብተሩ ነገረኝ። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ 60 ገባ።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። ሜቶትሬክሴት የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። እኔ ቅዳሜ ማታ መረጥኩ። እሁድ ቢያቅለሸልሸኝ ክፍል አልገባም ብዬ ነው። ለሁለተኛ ዙር የገዛሁበት መድኃኒት ቤት ግን የወረቀት ፖስታው ላይ «በቀን 1 ጊዜ 4 ፍሬ» ብሎ ጻፈልኝ። የመጀመሪያውን ወር እህቴ ነበረች በየቅዳሜው ቆጥራ የምትሰጠኝ፤ ያን ሰሞን ለለቅሶ ደሴ ሄዳለች። መጠኑ ተለውጦ ይሆናል ብዬ የተጻፈውን አመንኩ።

እሮብ ምሳ ሰዓት ሽሮው አፌ ውስጥ እሳት ሆነ። በመስታወት ሳይ ከንፈሬ ከውስጥ ቆስሏል፣ ምላሴ ጠርዝ ላይ ነጫጭ ቁስል ወጥቷል። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለዶክተሬ በቴሌግራም ላክሁላት። «ቅዳሜ 4። እሁድ 4። ሰኞ 4። ማክሰኞ 4።» አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ደወለች። «ያለሽበትን ተዪና ቶሎ ነይ። ክኒኑን ዛሬ እንዳትውጪው።»

ነጭ የደም ሴሌ ወርዶ ነበር። ፎሊኒክ አሲድ የሚባል ማርከሻ ተሰጠኝ፣ ለአንድ ሳምንት ደሜ በየሁለት ቀኑ ታየ። ተረፍኩ። በዚሁ ስህተት ሰው የሞተባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። መድኃኒቱ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ «በሳምንት» እና «በቀን» ተምታተው ነው። አሁን ፖስታው ላይ በራሴ እጅ በቀይ «ቅዳሜ ብቻ» እጽፍበታለሁ። እናንተም እቤታችሁ ይህን ክኒን የሚወስድ ሰው ካለ ዛሬውኑ ፖስታውን እዩት።

ከዚያ በኋላ ዶክተሯ ቢጫ ወረቀት አውጥታ አብረን ሞላን። የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ነው፣ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላካል። ነፃ ስልካቸው 8482 ነው። የአሰጣጥ ስህተትም ይመዘገባል። «የእኔ አንድ ወረቀት ምን ይፈይዳል?» ብዬ ጠየቅኋት።

ያኔ ነው የኢንፍሊክሲማብን ነገር የነገረችኝ። ለዚሁ ለእኛ በሽታ የሚሰጥ መርፌ ነው፣ ጠንካራና ውድ። ለሽያጭ ከመፈቀዱ በፊት ጥናት ተደርጎበታል። ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ከየቦታው ሪፖርት ይገባ ጀመር፤ መርፌውን የወሰዱ ሰዎች የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ያዛቸው የሚል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የደረሱት ተሰብስበው ሲታዩ 70 ሆኑ። መርፌውን የወሰዱት በዚያን ጊዜ ወደ 147,000 ሰው ነበሩ። አብዛኞቹ የታመሙት ሦስት መርፌ ሳያልፋቸው ነው። በሰውነታቸው ተኝቶ የነበረውን ነቀርሳ መርፌው ቀስቅሶታል። ዛሬ ይህን ዓይነት መርፌ ከመጀመር በፊት የነቀርሳ ምርመራ ግዴታ የሆነው በእነዚያ 70 ወረቀቶች ነው። ነቀርሳ በበዛበት በእኛ አገር ይህ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያተርፍ አስቡት። ቅጹን ከሞሉት አንዱ ሐኪም «አንድ ሰው ነው፣ ይቅር» ብሎ ቢሆንስ?

ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን እብጠትና ሕመም የሚያበርድ ክኒንም ሳላነሳ አላልፍም፤ ሰፈሬ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚውጠው ስለማውቅ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ በሁለት ቀን ያስነሳል። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ ሜዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የሚባል ሐኪም የዚህን መድኃኒት ቀዳሚ፣ ኮርቲዞንን፣ ለአንዲት የ29 ዓመት ታማሚ ሰጣት። ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሴት በሳምንቱ በእግሯ ገበያ ወጣች። ሄንችና ባልደረቦቹ በ1950 ኖቤል ተሸለሙ። ጉዳቱ ግን ተከትሎ መጣ። ፊት ማበጥ፣ ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት። ጎረቤቴ ለሦስት ዓመት ያለ ሐኪም ስትወስደው ኖራ አምና ደረጃ ላይ አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ዶክተሯ ለእኔም ሰጥታኛለች፣ ለሁለት ወር፣ በትንሹ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰች። የሚቆምበት ቀን ገና ከመጀመሪያው ደብተሬ ላይ ተጽፎ ነበር። በድንገት ማቆምም አደጋ ስላለው በራሳችሁ አትተዉት።

ደሜን በየሦስት ወሩ እታያለሁ። የደም ሴል፣ ጉበት፣ ኩላሊት። ለአስተማሪ ደመወዝ ይከብዳል፣ አልዋሽም። በዓል ሲመጣ ደግሞ ጠላው ይቀርብልኛል፣ «አንድ ብርጭቆ ምን ታደርጋለች?» ይሉኛል። ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ልትቆጣኝ ስትል የጉበት ምርመራ ወረቀቴን አሳየኋት። ብርዝ ቀዳችልኝ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ቡና ያፈላሁት እኔ ነኝ። ጀበናውን በቀኝ እጄ ብቻ አንስቼ ሦስት ስኒ ሳላቋርጥ ቀዳሁ። ልጄ ቆማ ታየኛለች፣ ምንም አላለችም። ማታ 4 ፍሬ ዋጥኩ። ጻፍኩት።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ዳስዬ ባለፈው 2.9 ነበር። የግራ እግሬ አውራ ጣት ግን ሁለት ሳምንት ሆኖታል ካበጠ፣ ጫማ አያስገባኝም። ከ28ቱ ውስጥ እግር የለም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ላይ አይወጣም። በገጹ ራስጌ በቀይ ጽፌዋለሁ፤ «እግሬን ሳታይ እንዳትለቂኝ» ብዬ።