«አይዞሽ፣ ሕንፃው ኢንሹራንስ አለው» ያልኩባት ሌሊት

ብሮንክስ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ የኮኦፕ ሕንፃ፣ ማለት ነዋሪዎቹ በማኅበር በያዙት ሕንፃ፣ ሱፐር ነኝ፤ ሕንፃውን የምንከባከብ ሠራተኛ ማለት ነው። ቦይለሩም፣ ቧንቧውም፣ ቆሻሻውም፣ በረዶ መጥረጉም የኔ ነው። ይህ የሆነው በ2022 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ነው። ያኔ እዚህ የነበረ ሰው ብርዱን አይረሳውም። በአንድ ቀን ውስጥ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አልፎ ወረደ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ድረስልኝ! ኮርኒሱ እየዘነበብን ነው!»

የ3ዲዋ እናት ናት። በዚህ ሥራ ሰው የሚታወቀው በቤት ቁጥሩ ነው። የአገሬ ልጅ ናት፣ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ሮጬ ስደርስ ውሃው ከላይ ከ4ዲ ግድግዳ ነው የሚመጣው። በውጭው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ በርዶ ፈንድቷል። ቫልቩን ዘጋሁ፤ ግን ውሃው ከወረደ ቆይቷል። የሳሎኑ ኮርኒስ ወለሉ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሳጥኑም ውሃ ስለገባበት እሳት አደጋዎች መጥተው መብራቱን ቆረጡት።

እሷ ኮሪደር ላይ ልጆቿን አቅፋ ትንቀጠቀጣለች። እኔም አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ሕንፃው ኢንሹራንስ አለው። ሁሉም ይስተካከላል።»

ከልቤ ነው ያልኩት። ሲነጋም ከረዳቴ ጋር ሆነን የራሰውን ፍራሽ፣ ምንጣፍና ሶፋ አውጥተን ቆሻሻ መጣያው ጋ ደረደርነው። ልጆቹ ተመልሰው ያንን እንዳያዩ ብዬ ነው። እሷ ኒው ጀርሲ ወዳለችው እህቷ ቤት ሄደች። እኔም ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ገብቼ ተኛሁ።

የ4ዲዋ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር ያደረገችው። ውሃው ገና እየወረደ በስልኳ ሁሉንም ክፍል ቀረጸች። ከዚያ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ለራሷ ኢንሹራንስ ደወለች። ማታውን ሆቴል ገብታ አደረች። እኔ ያኔ ሀብታም ስለሆነች ነው ብዬ አሰብኩ። አልነበረችም።

በአስረኛው ቀን የበዓሉ እረፍት አልቆ ቢሮ ተከፈተ። የአስተዳደር ድርጅቱ ማናጀር ደወለችልኝ። «የ3ዲ ኢንሹራንስ ማነው? ክሌም ከፍታለች?» አለችኝ፤ የካሳ ጥያቄ አቅርባለች ወይ ማለቷ ነው። የሕንፃው ኢንሹራንስ አለ አይደል ወይ ስላት ዝም አለች። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። በዚያ ሕንፃ ብዙ ዓመት ሠርቼ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ኮኦፕ እንደ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አይደለም። በስምህ ካርታ የለህም። ሕንፃው የአንድ ማኅበር ነው። አንተ የማኅበሩን አክሲዮን ትገዛለህ፣ ቤቱን ደግሞ በረጅም ውል ትይዛለህ። ኒውዮርክ ውስጥ በዚህ መልክ የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ነው። እዚሁ ብሮንክስ ያለው ኮኦፕ ሲቲ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ቤቶች አሉት። የማኅበሩ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው የማኅበሩን ንብረት ነው፦ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ቧንቧ። ፍራሽህን አይሸፍንም። አንተ በገንዘብህ ያስገባኸውን አዲስ የወጥ ቤት ቁም ሣጥንም ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። የሆቴል ደግሞ አንዲት ሳንቲም አይከፍልልህም። ያ የሚመጣው ነዋሪው ለራሱ ከሚገዛው ኢንሹራንስ ነው። ኤች ኦ 6 ይሉታል። በውስጡ «ሎስ ኦፍ ዩዝ» የሚባል ክፍል አለ፤ ቤትህ በድንገተኛ ጉዳት የማይኖርበት ሲሆን ሌላ ቦታ የምትኖርበትን ተጨማሪ ወጪ የሚከፍል ማለት ነው።

ማናጀሯ ፋይሉን ስታገላብጥ የ3ዲ ወረቀት ተገኘ። ቤቱን ስትገዛ የማኅበሩ ቦርድ ስላስገደዳት ኤች ኦ 6 ገብታ ነበር። ክፍያው በየወሩ ከባንክ በራሱ ስለሚቆረጥ ረስታዋለች። እኔ ደግሞ ሕንፃው አለው ስላልኳት ለማስታወስም ምክንያት አልነበራትም።

ያኔውኑ ደወልኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «አስር ቀን ሙሉ ወንድሜ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

የኢንሹራንሱ ገምጋሚ መጣ። ደግ ሰው ነበር፤ ግን ሥራው በወረቀት ነው። ሶፋው የታለ? ጣልነው። ፎቶ? የለም። በባንክ ስቴትመንት የተገኘውን ያህል ተከፈላት፣ የቀረው ቀረ። ለእነዚያ አስር ቀናትም እህቷ ቤት ኪራይ ስላልከፈለች የማረፊያ የሚባል ወጪ አልነበራትም። ልጆቹን በታክሲ ያመላለሰችበት ደረሰኝም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው በደንብ ሄደ። ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። የሚከፈለው ጭማሪው ነው። በፊት በሳምንት 150 ዶላር አስቤዛ ታወጣ የነበረች ሰው ወጥ ቤት በሌለው ሆቴል 400 ብታወጣ ልዩነቱ 250 ይታሰብላታል። የቤቷ ብድርና ሜንተናንስ የሚባለው ለማኅበሩ የሚገባው ወርሃዊ ክፍያ ግን መከፈሉን አያቆምም። የሆቴሉ ወጪም የሚሸፈነው ለዚህ ነው፤ ሁለት ቤት በአንዴ መክፈል ማን ይችላል? እሷ ደግሞ ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ጠየቀች። ጾም ነው፣ ሆቴል ምን ልበላ ነው ብላ። ገምጋሚውም ተቀበላት፤ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ሳትርቅ ባለ ወጥ ቤት ክፍል ተገኘላት።

ማናጀሯም ደብዳቤ ጻፈች፦ በቤቱ መብራት የለም፣ ወጥ ቤት የለም፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ አይኖርበትም። ከተማው የማስለቀቂያ ትእዛዝ በር ላይ ሳይለጥፍ ሲቀር እንዲህ ያለ ወረቀት ትልቅ ጉልበት አለው። ሌላም ነገር አሳየችን። በብዙ የኮኦፕ ውሎች ላይ ቤቱ በእሳት ወይም በመሰለው አደጋ ካልኖርክበት ሜንተናንሱ በዚያው ልክ ይቀንሳል የሚል አንቀጽ አለ። በኛም ውል ላይ ነበር። ሳይጠየቅ ግን ማንም አያነሳውም። በጽሑፍ ጠየቀች፣ ቦርዱ ቀነሰላት።

ሁለት ሳምንት ይፈጃል የተባለው ጥገና 11 ሳምንት ፈጀ። ሕንፃው አሮጌ ስለሆነ ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት አዝቤስቶስ የሚባለው ለጤና አደገኛ የሆነ የድሮ የግንባታ ዕቃ መኖር አለመኖሩ መመርመር ነበረበት። እሷ የተመለሰችው ሁዳዴ መሃል ነው። ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። አዲሱ ቀለም ገና ይሸታል። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር «ተው፣ አንተ እኮ ነህ በዚያ ሌሊት የደረስክልኝ» አለችኝ። እኔ ግን እስከዛሬ አልወጣልኝም።

አሁን ቫልቭ እንደዘጋሁ ነዋሪውን የምጠይቀው አንድ ነው፤ የራስሽ ኢንሹራንስ ማነው፣ አሁኑኑ ደውይ እላለሁ። ፎቶና ቪዲዮ ሳይነሳ ዕቃ አላወጣም። መውጣት ካለበትም ከምንጣፉ አንድ ቁራጭ ቆርጬ ለማስረጃ በላስቲክ አስቀምጣለሁ። አይዞሽ ማለቱን አልተውኩም። ከሱ ቀጥሎ የምለውን ነው የቀየርኩት።

ባለፈው ወር ሎቢ ላይ ቅጽ አስቀምጬ የሁሉንም ቤት የኢንሹራንስ ስልክ መሰብሰብ ጀመርኩ። የ1ኤው አዛውንት ወረቀታቸው የት እንዳለ አያውቁም። አንደኛ ፎቅ ናቸው፤ ፍሳሽ ወደ ላይ ቢመለስ ቀድሞ የሚያገኘው እሳቸውን ነው፤ እሱ ደግሞ ለብቻው ካልተጨመረ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄጄ መሳቢያውን አብረን ልንፈትሽ ተቀጣጥረናል።