ለቦቴ የመውጫ ሰዓቱን በጋማ ያስተማርኩት እንዴት ነው
የምነግደው ኤስፒኤክስ ላይ ነው፤ የኤስ ኤንድ ፒ 500 (የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ) ኢንዴክስ ኦፕሽን፣ ማለትም በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል። ከ2022 ጀምሮ በየሥራ ቀኑ የሚያልቅ ኮንትራት አለው። ኮል ገበያው ሲወጣ የሚወደድ፣ ፑት ሲወርድ የሚወደድ ኦፕሽን ነው፤ ስፕሬድ ደግሞ አንዱን ሸጦ ኪሳራውን ለመገደብ ራቅ ያለውን መግዛት ነው። ጠዋት የኮል ወይም የፑት ስፕሬድ እሸጣለሁ፤ ገበያው ሲዘጋ ያልቃል። እዚህ ቨርጂኒያ ቀን ላይ ሌላ ሥራ ስላለኝ ስክሪን ላይ አፍጥጬ መዋል አልችልም። የሚገባውም የሚወጣውም በፓይተን የጻፍኩት ቦት (በራሱ የሚነግድ ፕሮግራም) ነው።

መጀመሪያ የሰጠሁት የመውጫ ሕግ ቀላል ነበር። በ1.20 ዶላር የሸጥኩት ስፕሬድ 60 ሳንቲም ከወረደ ትርፉን ያዝ፣ 2.40 ከደረሰ ኪሳራውን ቁረጥ። አንድ ጠዋት ገበያው በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ስቶፑ (ኪሳራ መቁረጫው) ተመታ። ኢንዴክሱን ሳየው 4 ነጥብ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። የመግዣና የመሸጫ ዋጋው ልዩነት ስለሰፋ ብቻ ቦቱ ስፕሬዱ የተወደደ መስሎት ነው። ያው ስፕሬድ ማታ ላይ ዜሮ ገባ። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ፤ ግን ጥፋቱ የኔ ነበር። መውጫዬን ያሰርኩት ከኦፕሽኑ ዋጋ ጋር እንጂ ከገበያው ጋር አልነበረም።

ጋማ ኤክስፖዠር ውስጥ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማርኬት ሜከሮች (ለመግዛትም ለመሸጥም ዋጋ የሚያቀርቡት ትልልቅ ነጋዴዎች) ኦፕሽን ሲሸጡልን ወይም ከኛ ሲገዙ ገበያው ወዴት ይሄዳል ብለው መወራረድ አይፈልጉም። ስለዚህ ፊውቸር (ኢንዴክሱን ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመገበያያ ውል) እየገዙና እየሸጡ ራሳቸውን ያመጣጥናሉ። ጋማ የሚነግረን ዋጋው ሲንቀሳቀስ ምን ያህል ተጨማሪ መግዛት ወይም መሸጥ እንዳለባቸው ነው። ጋማቸው ፖዘቲቭ ከሆነ ሲወጣ ይሸጣሉ፣ ሲወርድ ይገዛሉ፤ ገበያው ይረጋጋል። ኔጋቲቭ ከሆነ ሲወጣ ይገዛሉ፣ ሲወርድ ይሸጣሉ፤ እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ኢንዴክሱ 5,000 ላይ ነው እንበል። የአንድ ስትራይክ (ውሉ የተቆረጠበት ዋጋ) ጋማ 0.002፣ ክፍት ኮንትራቱ (ገና ያልተዘጋው ውል ብዛት) 10,000 ቢሆን፣ ኢንዴክሱ 1 በመቶ ሲንቀሳቀስ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ማመጣጠኛ ያስፈልጋል። ይህን ለየስትራይኩ አሰላለሁ፤ ኮሉን በፕላስ፣ ፑቱን በማይነስ። ትልቁ የኮል ስትራይክ የላይኛው ግድግዳዬ ነው፣ ትልቁ የፑት ስትራይክ የታችኛው። ድምሩ ከፕላስ ወደ ማይነስ የሚገለበጥበት ዋጋ ደግሞ ሦስተኛው መስመሬ ነው።

አዲሱ ሕግ እንዲህ ሆነ፦ ኮል ስፕሬድ ከግድግዳው በላይ እሸጣለሁ። ኢንዴክሱ ግድግዳውን በ5 ነጥብ አልፎ ሁለት የአምስት ደቂቃ ካንድል (የየአምስት ደቂቃውን ዋጋ የሚያሳይ የቻርት ምልክት) ከዘጋ ቦቱ ይወጣል። በከንቱ የሚመታኝ ስቶፕ ወዲያው ቀነሰ።

ከዚያ ሚያዝያ 2025 መጣ። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ትራምፕ ለአብዛኞቹ አገሮች ታሪፉን ለ90 ቀን ማቆማቸውን አስታወቁ። ኢንዴክሱ ተወነጨፈ። ቦቴ ግን ሕጉን አክብሮ ሁለተኛው ካንድል እስኪዘጋ ይጠብቅ ነበር። ሲወጣ ስፕሬዱ ሊያስከስር የሚችለውን ያህል አክስሮ ጨርሶ ነበር። ቀኑ በ9.5 በመቶ ጭማሪ ተዘጋ። ጠዋት በሠራሁት ስሌት ዋጋው ከመገልበጫው መስመር በታች እንደነበር አውቅ ነበር፤ ቦቱን ግን በዚያ መስመር ምንም አላስተማርኩትም። በኔጋቲቭ ጋማ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። አሁን ከመስመሩ በታች ከሆንን መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ መውጫውም ገና ዋጋው ደረጃውን እንደነካ ነው። መጠበቅ የለም።

ሌላም ልብ ማለት ያለባችሁ አለ። ክፍት ኮንትራት የሚታደሰው በቀን አንዴ፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ነው። ዛሬ የተከፈተው ቦታ አይታይም። ስለዚህ ከእኩለ ቀን በኋላ የጠዋቱን ግድግዳ ብዙም አላምነውም። ፕላስና ማይነሱም ግምት ነው፤ ሕዝቡ ኮል ይሸጣል፣ ፑት ይገዛል ከሚል የተነሳ። ሰው ኮል ለመግዛት በሚሻማበት አክሲዮን ላይ ግምቱ ይገለበጣል፤ በጃንዋሪ 2021 ጌምስቶፕ ላይ ሕዝቡ ኮል ሲሻማ እንደነበረው። በነጠላ አክሲዮን አልሞክረውም።

አንድ ቀን ደግሞ የዳታው ፋይል ባዶ መጣ። ኮዱ ባዶውን ዜሮ ብሎ አነበበው፤ ዜሮ ማለት የመገልበጫው መስመር ነውና ቦቱ ያለውን ሁሉ ዘጋ። አሁን የረድፉ ብዛት ከትናንቱ ግማሽ በታች ከሆነ የጋማ ደረጃዎቹን ይተዋል፣ ወደ ድሮው ሕግ ይመለሳል፣ ለኔም በቴሌግራም መልእክት ይልክልኛል።

ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደግሞ ሁሉም ነገር ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ዋጋው አጠገብ ያለው ስትራይክ ጋማ ስለሚያብጥ ጥቂት ነጥብ የቀኑን ትርፍ ይበላዋል። ቦቱ በወጣ ቁጥር ምክንያቱን ይጽፋል፤ ግድግዳ፣ መስመር፣ ዳታ ወይም ሰዓት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ይዤ አነበዋለሁ። እስካሁን በብዛት የተጻፈው ሰዓት የሚለው ነው።