ሎሚሎሚ ስማር፦ አራተኛ ወር

እናቴ በስልክ ምን እየተማርኩ እንደሆነ ጠየቀችኝና «ሎሚሎሚ» አልኳት። «ደግሞ በሎሚ ማሸት ተጀመረ?» አለች። ሎሚ የለበትም፤ የሃዋይ ባህላዊ ማሳጅ ነው። በሃዋይ ቋንቋ «ሎሚ» ማሸት፣ መጫን፣ መጭመቅ ማለት ነው። ጨው የገባበትን ሳልመን ዓሣ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር በእጅ እያሹ የሚያዘጋጁት ምግብ እንኳ በዚሁ ስም ይጠራል።

የምማረው እዚሁ ላስ ቬጋስ ነው። ከሃዋይ የፈለሰ ሰው ስለበዛባት «ዘጠነኛዋ ደሴት» ይሏታል፤ ዋናዎቹ ደሴቶች ስምንት ናቸው። አስተማሪያችንን ሁላችንም «አንቲ» እንላቸዋለን፤ እኛ ታላቅ ሴትን «እትዬ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በከንቱ አደከምኳቸው። መደበኛውን ማሳጅ ተምሬ ስለመጣሁ የጠጠረ ቦታ ባገኘሁ ቁጥር በአውራ ጣቴ መፈልፈል ለምዶብኛል። እንደ ወጌሻ ጥፋቱን ፈልጌ ካላገኘሁ የሠራሁ አይመስለኝም ነበር። ጣቶቼ አብጠው የበር ቁልፍ ማዞር ሲያቅተኝ አንቲ መዳፌን በፎጣ ጠቅልለው «ዛሬ እጅ የለሽም» አሉኝ።

የቀረኝ ክንዴ ነበር። ከክርን በታች ያለውን ለስላሳ ሥጋ ዳሌ ላይ አሳርፎ እስከ ትከሻ ድረስ ሳያቋርጡ መሄድ፣ ዞሮም መመለስ። ጉልበቱ የሚመጣው ከእግር ነው፦ የፊተኛው ጉልበት ሲታጠፍ የሰውነት ክብደት ወደ ክንድ ይፈስሳል። በክርኔ ጫፍ አከርካሪ መግጨት ያቆምኩት በሦስተኛው ወር ነው። ዘይት ማብዛትም ሌላው ጥፋቴ ነበር፤ ክንድ ተንሸራትቶ ከሄደ ሥጋው አይሰማም። የምንቀባው የኩኩይ ዘይት ከለውዝ መሰል ፍሬ የሚጨመቅ ስለሆነ የለውዝ አለርጂ ያለበትን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ትምህርቱ በጸሎት ይጀመራል፤ እነርሱ «ፑሌ» ይሉታል። መጀመሪያ ላይ የማን አምላክ ነው የሚጠራው ብዬ ተጨንቄ ነበር። ኋላ ላይ ግን ሎሚሎሚን ለውጭ ሰው በግልጽ በማስተማር ስማቸው የገነነው በሃዋይ የኮና አካባቢ ሰው የነበሩት ማርጋሬት ማቻዶ (እ.ኤ.አ. 1916–2009) ክርስቲያን እንደነበሩና ሥራውን «የጸሎት ሥራ» ይሉት እንደነበር ተረዳሁ። እኔ በልቤ በስመ አብ ብዬ እጀምራለሁ።

«የቤተ መቅደስ ሎሚሎሚ» እየተባለ በሻማና በአበባ የሚሸጠውም አለ። ይህኛው በአብዛኛው በሃዋይዋ የካዋይ ደሴት ከኖሩት ከአብርሃም ካዋኢ ትምህርት የተቀዳ ነው። ጭፈራ የሚመስለውን እርምጃውን እወደዋለሁ፤ «ጥንታዊ ምስጢር» የሚለውን ማስታወቂያ ግን አልወደውም። ጥንት እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ አያያዝ ነበረው፤ አንድ ወጥ ሎሚሎሚ የለም። በሁለት ቀን ሥልጠና ምስክር ወረቀት የሚሰጧችሁን ጠርጥሩ።

ቤት ውስጥ የምለማመድበት ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል የታክሲ ሹፌር። ድሮ «ቀስ በይ፣ አጥንት አለኝ እኮ!» እያለ ይጮህብኝ ነበር። ባለፈው እሑድ አንዱ ክንዴ ጀርባው ላይ፣ ሌላው ጭኑ ላይ ሲሄድ ቀና ብሎ «ሌላ ሰው ገባ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ አንኮራፋ።

የግራ ክንዴ አሁንም ደንቆሮ ነው። አምስተኛው ወር ለእርሱ ነው።