ሃምቡርግ፦ ብቻዬን፣ የመጀመሪያ ቀን፣ በውሃው በኩል

ሃምቡርግ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የመጀመሪያ ቀናችሁን በመሀል ከተማው ሱቆች አትጨርሱት። ቀጥታ ላንዱንግስብሩከን ወደሚባለው የጀልባ ጣቢያ ውረዱ። ይህች ከተማ ወደብ ናት፤ ሀብቷም፣ ሕንፃዎቿም፣ ሐዘኗም ከውሃው ነው የመጣው።

እኔ ከፍራንክፈርት በጠዋት ባቡር ሄጄ፣ ቦርሳዬን ማረፊያዬ አስቀምጬ ወዲያው ወረድኩ። ጣቢያው ራሱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ሃምቡርግ ከባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ ኤልበ ወንዝ ላይ ብትቀመጥም የባሕሩ ውሃ እዚህ ድረስ እየገፋ ይመጣል። በቀን ሁለቴ ከፍ፣ ሁለቴ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ከ3 ሜትር በላይ ነው። ለዚህ ነው ጠዋት ቁልቁል የወረድኩበት መሸጋገሪያ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ሆኖ የጠበቀኝ።

እዚያ ስትደርሱ የጉብኝት ጀልባ ሻጮች ይጠሯችኋል። እኔ የምመክረው ግን 62 ቁጥርን ነው። ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት ተራ የሕዝብ ጀልባ ነው፤ የከተማው የአውቶቡስና የባቡር ቲኬት ይሠራበታል። ላይኛው ፎቅ ውጡና ቁሙ። በግራ የመርከብ መጠገኛዎቹ፣ በቀኝ የዓሣ ገበያው አዳራሽ፣ ከዚያ ወንዙ ሰፋ ይልና የኮንቴይነር ክሬኖቹ ይመጣሉ። ከንፋሱ ለመጠለል ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወደቡ ላይ ብዙ ዘመን እንደሠሩ ነገሩኝ፤ የትኛው ክሬን የትኛው ተርሚናል እንደሆነ በጣታቸው እያሳዩ።

ኖይሙህለን ላይ ወረድኩ። አሸዋማ ዳርቻ አለ፤ ኦቨልጎነ ይሉታል። ሰው ልጆቹን ይዞ አሸዋው ላይ ይቀመጣል፣ ፊት ለፊት ደግሞ እስከ 400 ሜትር የሚረዝሙ መርከቦች የሚገቡበት ወደብ ሥራ ላይ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። ወደብ ለእኔ በዜና የምሰማው ነገር ነበር፤ ዕቃው ጅቡቲ ደረሰ፣ ጅቡቲ ቆመ፣ ከጅቡቲ ተነሳ። መርካቶ የምንገዛው ብርድ ልብስ፣ ጎማ፣ ማሽን፣ መድኃኒት በዚህ ዓይነት ሳጥን ተጭኖ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ሳጥኑ ከመርከብ ሲነሳ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ክሬኑ ይወርዳል፣ ይነክሳል፣ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። አላለቀም፣ አልቆመም። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጬ አየሁት። ብቻዬን መጓዝ የምወደው ለዚህ ነው፤ «በቃ እንሂድ» የሚል የለም።

ስመለስ በአሮጌው የኤልበ ዋሻ ገባሁ። በ1911 የተከፈተ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከወንዙ በታች 426 ሜትር በእግር ትሄዳላችሁ፣ ለእግረኛ በነፃ። የተሠራው ማዶ ያሉት የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች እንዲሻገሩበት ነው። ግድግዳው ላይ የዓሣና የሌሎች የውሃ እንስሳት ምስሎች ተቀርጸዋል። በየቀኑ ለሥራ የሚመላለስ ሠራተኛ ነው ብለው ሳይንቁ እንዲህ ማስጌጣቸው ልቤን ነካው።

ከሰዓት በኋላውን ሽፓይሸርሽታት ለሚባለው የአሮጌ መጋዘኖች ሰፈር ሰጠሁት። ቀይ ጡብ፣ ቦይ፣ ድልድይ። በ1888 ሃምቡርግ ወደ ጀርመን የቀረጥ ክልል ስትገባ ነጋዴዎቹ ሸቀጣቸውን ያለ ቀረጥ የሚያስቀምጡበት መጋዘን አስፈለጋቸው፤ ለዚህ ሲባል ወደ 20,000 የሚሆኑ ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል። ዩኔስኮ በ2015 መዝግቦታል፣ ውበቱም ይገባዋል፣ ግን የተነሡትን ሳላስብ ፎቶ ማንሳት አልሆነልኝም።

እነዚህ መጋዘኖች ምንጣፍ፣ ቅመም፣ ካካዎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡና ያከማቹ ነበር። በ1887 እዚሁ የቡና ገበያ ተቋቁሟል። ዛሬም ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። አንድ ቡና የሚቆላበት ቤት ገባሁ፤ ሻጩ «ከየት ነሽ?» ሲለኝ «ከኢትዮጵያ» አልኩት። ሌላ ምንም ሳይጠይቅ የሲዳማ ቡና ፍሬ በመዳፉ አፍሶ አፍንጫዬ ሥር አመጣልኝ። አንድ ገበሬ ጓሮ የተለቀመ ቡና፣ በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲ፣ በባሕር ተጉዞ እዚህ። ያ ገበሬ ይህንን ቦታ ቢያየው፣ የሚሸጥበትንም ዋጋ ቢያየው ብዬ ተመኘሁ፤ አሁንም እመኛለሁ።

ኤልብፊልሃርሞኒ፣ በ2017 የተከፈተው የሙዚቃ አዳራሽ፣ እሱም አሮጌ የካካዎ መጋዘን ላይ ነው የተሠራው። ሰገነቱ ላይ ውጡ፣ ወደቡ በሙሉ ይታያል። ከዚያ ወደ ኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ሄድኩ። በ1943ቱ የቦምብ ድብደባ ከወደመ በኋላ ማማው ብቻ ቀርቶ መታሰቢያ ሆኗል። እዚያ ብዙም ማውራት አልፈልግም፣ ሂዱና እዩት።

ሬፐርባን የሚባለውን የጭፈራ መንገድ አልሄድኩበትም፣ አልቆጨኝም።

ከቻላችሁ ቅዳሜ ድረሱ። እሑድ የዓሣ ገበያው በበጋቸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይከፈታል፣ በክረምታቸው ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ በጊዜ ተኙ፣ ወፍራም ጃኬትም ያዙ፤ የወንዙ ንፋስ በሐምሌም አይምርም።