ስንት ውሃ ልጠጣ? መልሱን ሚዛን ላይ አገኘሁት

ስፖርት የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ስሮጥ ምን ያህል ውሃ ልጠጣ? ጓደኛዬን እንዲህ ላብ ሲያጠምቀው እኔን ለምን አላበኝም? ገንዳ ውስጥ ስገባ ሽንቴ የሚመጣው ለምንድን ነው? መልስ የሚሰጥ አይጠፋም። መልሶቹ ግን እርስ በርስ አይስማሙም። አንዱ «ሳይጠማህ ጠጣ» ይላል። ሌላው «ካልጠማህ አትንካው» ይላል። ሦስተኛው በቀን ስምንት ብርጭቆ ብሎ ይቆርጥልሃል።

እኔ እሮጣለሁ፤ አልፎ አልፎም እዋኛለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን እነዚህ ጥያቄዎች ከልብ ይስቡኛል። መልሳቸው እዚሁ ሰውነታችን ውስጥ ስላለ፣ ለምን ራሱን አልጠይቀውም ብዬ ተነሳሁ። ያስፈለገኝ ዕቃ ትንሽ ነው፦ የሰው ሚዛን፣ መስመር ያለው የውሃ ጠርሙስ፣ ቴርሞሜትር እና ደብተር።

የጀመርኩት ከላብ ነው። ነገሩን ቀላል የሚያደርገው አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መመዘኑ ነው። በአንድ ሰዓት ሩጫ የሚቀንሰው ክብደት ከሞላ ጎደል ሁሉም ውሃ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚመኘው ስብ አይደለም። ስለዚህ ከሩጫ በፊትና በኋላ መመዘን በቂ ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሽንት ቤት እሄዳለሁ። ከዚያ ልብሴን አውልቄ እመዘናለሁ። አንድ ሰዓት እሮጣለሁ፤ የጠጣሁትን በጠርሙሱ መስመር እይዛለሁ። ስመለስ ላቤን በፎጣ አድርቄ፣ ልብሴን አውልቄ፣ ምንም ሳልቀምስ እንደገና እመዘናለሁ። ልብስ ማውለቁ የግድ ነው። በላብ የራሰ ቲሸርት ብዙ ግራም ይዞ ይመለሳል፤ ያ ውሃ ደግሞ ከሰውነት የወጣ ውሃ ነው። ሚዛኑም ጠንካራ ወለል ላይ መቀመጥ አለበት። ምንጣፍ ላይ ካስቀመጣችሁት ቁጥሩን አትመኑት።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። አንድ ቀን ስወጣ 68.4 ኪሎ ነበርኩ፣ ስመለስ 67.5። የጎደለው 900 ግራም ነው። በመሃል 300 ሚሊ ሊትር ጠጥቻለሁ። ሁለቱ ሲደመሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ 1.2 ሊትር ገደማ ከሰውነቴ ወጥቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በጣም የወደድኳት ነገር አለች። ከጎደለው ክብደት ጥቂቱ በአየር መልክ ነው የወጣው። ኦክስጅን እናስገባለን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እናስወጣለን፤ የሚወጣው ከሚገባው ይከብዳል። ያቃጠልነው ስኳርና ስብ ውስጥ የነበረው ካርቦን በትንፋሽ ተኖ ይሄዳል። ሰው «ስቡ የት ገባ?» ሲል መልሱ በአብዛኛው «ተንፍሶ አወጣው» ነው። በአንድ ሰዓት ሩጫ ግን ይህ ልዩነት ከመቶ ግራም በታች ስለሆነ የቤት ሚዛን አይለየውም። ለላብ ስሌታችን ብንተወው ምንም አይጎድልብንም።

ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ ቁጥሮቹ መናገር ጀመሩ። ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት፣ 15 ዲግሪ አካባቢ፣ ላቤ በሰዓት 0.6 ሊትር ነበር። ወበቅ በበዛበት 28 ዲግሪ ግን በዚያው ፍጥነት 1.4 ሊትር ደረሰ። ያው ሰው፣ ያው መንገድ፣ ከእጥፍ በላይ ልዩነት። አብሮኝ የሚሮጠው ጓደኛዬ ክብደቱ ከኔ ጋር ይቀራረባል፤ የሱ ላብ ግን ሁልጊዜ ከኔ በግማሽ ያህል ይበልጣል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በስፖርት ጊዜ ብዙ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሁለት ሊትር ያልበዋል፤ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። ታዲያ ለሁሉም ሰው የሚሠራ አንድ የብርጭቆ ቁጥር ከየት ይመጣል?

ላብ ለምን ያስፈልጋል የሚለውን እኔ ቁጥሮቼን ይዤ ነው የገባኝ። ጡንቻ ካቃጠለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ቢበዛ ሩብ ያህሉ ነው። የቀረው ሙቀት ነው፣ መውጫም ይፈልጋል። በኔ ክብደት በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ወደ 680 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጋው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ላይ ሲተን ደግሞ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ አስሉት። ላብ ብቻውን ቢያቀዘቅዘኝ ከአንድ ሊትር ያነሰ ይበቃኝ ነበር። በቀዝቃዛው ጠዋት 0.6 ብቻ የሆነው ነፋሱ ስላገዘኝ ነው። በወበቁ ቀን 1.4 የሆነውስ? አየሩ በእርጥበት ስለተሞላ ላቡ አልተነነም፤ ተንጠባጥቦ መሬት ላይ ቀረ። የተንጠባጠበ ላብ ደግሞ አያቀዘቅዝም፤ ቅዝቃዜው ያለው ትነቱ ላይ ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ትሬድሚል ላይ ሞከርኩት። የክፍሉ ሙቀት ከውጭው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ላቤ ጨመረ፤ ምክንያቱም ቆሞ በሚሮጥ ሰው ላይ ነፋስ አይነፍስም። ቬንትሌተር ፊቴ ላይ ሳስነሳ ቀነሰ። ቤት ውስጥ የምትሮጡ ሰዎች፣ አንድ ቬንትሌተር ከአንድ ጠርሙስ ውሃ በላይ ሊጠቅማችሁ ይችላል።

ብዙ ሰው በተቃራኒው የሚያስበው ሌላም ነገር አለ። ሰውነት ሙቀት ሲለምድ ላብ አይቀንስም፤ ይጨምራል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሙቀት ውስጥ የሠራ ሰው ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ ብዙም ያልበዋል፣ የላቡ ጨው ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ቶሎ የሚያልበውን ሰው «አቅም የለውም» አትበሉት። ምናልባት ከሁላችንም የተሻለ የሠለጠነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ወደ መጠጣቱ። ስምንት ብርጭቆ የሚለው ምክር ከየት እንደተነሳ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግን በ1945 በአሜሪካ የወጣ የአመጋገብ ምክር ነው። አንድ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ያስፈልገዋል ይላል። ተከትሎት ያለውን ዐረፍተ ነገር ግን ሰው ዘነጋው፤ አብዛኛው ከምግብ ይገኛል ይላል። ሾርባ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ወጥ፣ ሁሉም ውሃ ነው። ሻይና ቡናም ይቆጠራሉ፤ ትንሽ ሽንት ቢያበዙም የሚሰጡት ውሃ ከሚወስዱት ይበልጣል።

ጥማትንም ማቃለል የለብንም። ውሃ አንሶ የደማችን የጨው ክምችት ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ሲጨምር አንጎል ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ክፍል ያውቀዋል፤ «ጠጣ» ይለናል፣ ኩላሊትንም «ውሃ ቆጥብ» ይለዋል። እንዲህ ያለ ስሱ መለኪያ በነፃ ተሰጥቶን ችላ ማለት ያሳዝነኛል። ስፖርት ላይ እንዳይታለፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ድንበር የሰውነት ክብደትን ሁለት በመቶ ማጣት ነው። ለኔ 1.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በአንድ ሰዓት ሩጫ እዚያ የምደርሰው ከባድ ወበቅ ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ ነው አየሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከአንድ ሰዓት ላነሰ ሩጫ ጠርሙስ መያዝ የተውኩት።

ከሁሉም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ግን ተቃራኒውን አደጋ ነው። ውሃ በዝቶም ይጎዳል። ኩላሊት በሰዓት ሊያስወጣ የሚችለው ውሃ አንድ ሊትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ረጅም ሩጫ ላይ ደግሞ ውሃ የሚያስቆጥበው ሆርሞን ስለሚነሳ ከዚያም ያንሳል። ከዚህ በላይ የሚጠጣ ሰው ደሙ ይቀጥናል፣ በውስጡ ያለው የሶዲየም (የጨው ዋና ክፍል) መጠን ይወርዳል። ጤናማው መጠን በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል (የላቦራቶሪ መለኪያ) ነው። በጣም ሲወርድ ውሃው ወደ ሴሎች ይገባና አንጎል ያብጣል፤ ሰው ሊሞት ይችላል። በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ከ488 ሯጮች ደም ተወስዶ ሲመረመር 13 በመቶው ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በሩጫው ወቅት ክብደት የጨመሩት ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ። አስቡት፣ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ክብደት መጨመር!

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ናቸው። የውሃ እጥረትም እንዲሁ ስለሚያደርግ አጠገብ ያለ ሰው በቅንነት ተጨማሪ ውሃ ያጠጣዋል፣ ይብሳል። የስፖርት መጠጥም አያድንም፤ በውስጡ ያለው ሶዲየም ከደም በጣም ያነሰ ስለሆነ ሲበዛ እሱም ያቀጥናል። ከዚህ ሁሉ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነው። ከሩጫ ስመለስ ሚዛኑ ከመነሻዬ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ከጨመረ ከልክ በላይ ጠጥቻለሁ። የጎደለውን በኋላ ከምግብ ጋር ቀስ ብዬ እተካዋለሁ፤ ጨውም አብሮ ይመጣል። ጥቁር ኮፍያችሁ ላይ ነጭ መስመር የሚቀርባችሁ ከሆነ ደግሞ ላባችሁ ጨዋማ ነው፤ በረጅም ሩጫ ጨዉን አትርሱት።

ዋና ላይም ያንኑ ሚዛን ወሰድኩት። ከገንዳ ስወጣ ክብደቴ ጥቂት መቶ ግራም ቀንሶ አገኘሁት። ውሃ ውስጥም ያልባል፤ ስለማይታይ ብቻ አናውቀውም። ግን ሁሉም ላብ አይደለም። ገንዳ ውስጥ ስንቆም የውሃው ግፊት የእግራችንን ደም ወደ ደረት ይገፋዋል። ልብ ሲወጠር ሰውነት «ደም በዝቷል» ብሎ ያስባል፣ ኩላሊትም ሽንት ያበዛል። ቅዝቃዜውም ይጨምርበታል። ስለዚህ ዋና ላይ የምትመዘኑ ከሆነ በመሃል ሽንት ቤት ከሄዳችሁ ያንን ከላብ አትቁጠሩት። የ26 ዲግሪ አየር ደስ ሲል የ26 ዲግሪ ውሃ የሚያንቀጠቅጠውም ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ነው።

መንሳፈፍን የሞከርኩት ደረቴ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ ነው። ሳንባዬን በአየር ሞልቼ ጉልበቴን አቅፌ ስቀመጥ ጀርባዬ ውሃው ላይ ቀረ። አየሩን ሁሉ ሳስወጣ ቀስ እያልኩ ሰመጥኩ። የሰው ጥግግት (ክብደቱ ከይዘቱ አንጻር) ከውሃ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ወሳኝ ነው። ስብ ከውሃ ይቀላል፣ ጡንቻና አጥንት ይከብዳሉ። ቀጫጭንና ጡንቻማ ሰዎች «እኔ አልንሳፈፍም» የሚሉት እውነታቸውን ነው። እግር የሚሰምጠውም አየሩ ያለው ደረት ውስጥ ስለሆነ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ስዋኝ አየሬን አንዴ ማስወጣት ትቼ ቀስ በቀስ እለቀዋለሁ፤ እግሬም ከፍ ብሎ ይቆያል።

ውሃ ውስጥ የቆየ ጣት መጨማደዱ በአጭሩ የነርቭ ሥራ ነው። ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ይመስላል፤ ግን ነርቩ የተጎዳ ጣት ውሃ ውስጥ ቢቆይም አይጨማደድም። ነርቮች የጣትን የደም ሥሮች ሲያጠብቡ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። እርጥብ ዕቃ ለመያዝ እንደሚረዳም በሙከራ ታይቷል።

ትንፋሽ መያዝን የሞከርኩት ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብቻ ነው፤ እናንተም ብቻችሁን ውሃ ውስጥ በፍጹም አትሞክሩት። «ተንፍስ» የሚለን የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። ከመጥለቅ በፊት ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያራግፋል እንጂ ኦክስጅኑን ያን ያህል አይጨምርም። ማስጠንቀቂያው ይጠፋበታል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ምንም ሳይሰማው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞችም በዚህ ሞተዋል።

የላብ ሙከራውን መጀመር የምትፈልጉ አንድ ቀዝቃዛና አንድ ሞቃት ቀን መርጣችሁ፣ በተመሳሳይ መንገድና ፍጥነት ሩጡ። የሙቀቱን መጠን፣ ነፋስ መኖር አለመኖሩን እና የጠጣችሁትን ጻፉ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የምትወስዱም፣ የውሃ መጠናችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የናንተ ስሌት ከኔ የተለየ ነው።