ከአባዬ ጋር የቤት ብድር
ሐዋሳ ታቦር አካባቢ ያየነውን ቤት ከአባዬ ጋር በጋራ ብድር ልንገዛ ነው። አባዬ ጡረተኛ ነው። ባንኩ መጀመሪያ የጠየቀው ዕድሜውን ነበር፤ የጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነው፣ እሱ ደግሞ ካለፈው ቆይቷል፣ ስለዚህ የመክፈያው ጊዜ አጠረና ወርሃዊው ክፍያ ከበደ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ውሉ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርገናል፤ ነገ እኔ ሥራ ባጣ ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከአባዬ ሊጠይቅ ይችላል፣ በዚያች ጡረታ!

ደግሞ ዕድሜ ይስጥልኝና፣ ኑዛዜ ከሌለ የሱ ድርሻ ለልጆቹ ሁሉ እኩል ነው የሚተላለፈው። ወንድሜንና እህቴን ሳንፈርም ሰብስበን ማን ምን እንደሚከፍል በጽሑፍ አደረግነው። ያልተስማማነው የሕይወት ዋስትናውን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ብቻ ነው።